ኖራ አይገባበትም

ሊዮኒልዴ ቪያፋራን የምታውቋት ካላችሁ፣ ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን አጋነነ እንዳትሉኝ። ቀንሼ ነው የምጽፈው። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬያት ሠርቻለሁ፤ እኔ በላቦራቶሪው፣ እሷ በማብላያው አዳራሽ ከታንከሮቹ ጋር። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ስትቸኩል አላየኋትም፤ አንድም ቀን ስታረፍድም አላየኋትም። እኔ በበኩሌ ሁለቱንም አሳምሬ እችልበታለሁ። ሰው ሁሉ ዶኛ ሊዮኒልዴ እያለ አንቱ ይላታል። እኔ ግን አሥራ ሦስት ዓመት ብትበልጠኝም አንቺ ነው የምላት፤ በየቀኑ የሚጨቃጨቁ ሰዎች አንቱ መባባል ይከብዳቸዋል። አሥራ ሦስቱን ዓመት ግን በየጊዜው ታስታውሰኝ ነበር።

ፋብሪካችን በሸንኮራ አገዳው መሀል ነው። ከስኳር ፋብሪካ የሚተርፈውን ሞላሰስ አምጥተን በውሃ እናቀጥንና ጥቁር ሻጋታ እንዘራበታለን። ሻጋታው ስኳሩን እየበላ ሲትሪክ አሲድ ይተፋል፤ ከረሜላውንም ለስላሳውንም የሚያኮመጥጠው ያ ነው። ሲወራ ቀላል ይመስላል። ሻጋታ ግን እንደ ልቡ ከተተወ ክር ያወጣል፣ ክሩ ከክር ይጠላለፋል፣ በሁለተኛው ቀን ታንከሩ ሙሉ ገንፎ ይሆናል። ማማሰያው ያቃስታል፣ ከሥር የሚነፋው አየር መውጫ ያጣል፣ ሻጋታውም ታፍኖ ሥራውን ይተዋል። ስለዚህ ገና ዘሩ ሲነቃ፣ ክሩ ሳይበዛ፣ እርስ በርሱ ተያይዞ ምስር የሚያክል ድብልብል እንዲሆን ማድረግ ያስፈልጋል። ድብልብሉ በውሃው ውስጥ እየተንከባለለ ይውላል፣ አየሩም በመሀሉ እንደ ልብ ያልፋል። ይህን የሚያደርግልን ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነጭ ዱቄት ነበር። ወረቀቱ ላይ ፖሊመር ይላል፤ ውሃ ሲነካው ስለሚዝለገለግና ዘሮቹን ስለሚያያይዝ እኛ ሙጫው እንለው ነበር።

የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም መንገዱ ለሳምንታት ተዘጋ። ሙጫው ወደብ ላይ ቀረ። ያለችንን ቆጥበን ቆጥበን ጨረስናት፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ታንከር በተከታታይ ገንፎ ሆነብን። ያን ጊዜ የአዳራሹ ኃላፊ ኢንጂነር ቪዬጋስ የሚባል የሜዴጂን ከተማ ሰው ነበር፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ ነጭ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ። አንድ ቀን ሰብስቦን ከቦጎታ የመጣለትን ደብዳቤ አነበበልን። በስድስት ሳምንት ውስጥ ማብላያው ካልተስተካከለ ባለቤቶቹ ይዘጉታል። አሲዱን ከውጭ አስመጥተው እዚህ በከረጢት ማሸግ ብቻ ይሆናል። ጡረታቸው ከሁለት ዓመት በታች የቀራቸው ወደ ማሸጊያው ይዛወራሉ፣ ሌላው ይሰናበታል። አርባ አንድ ሰዎች ነበርን። ሊዮኒልዴ ለጡረታዋ የቀራት አሥራ አራት ወር ነው።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ግቢው በር ላይ ካለው ሳማን ዛፍ ሥር ተቀምጣ ቾንታዱሮዋን፣ የተቀቀለውን የዘንባባ ፍሬ፣ በጨው ትበላለች። አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ።

«ሙጫ፣ ሙጫ ትላላችሁ» አለችኝ። «ጓሲሞ ምን አደረጋችሁ?»

«የቱ ጓሲሞ?»

«ዛፉ ነዋ። የስንት አገር ጓሲሞ ታውቃለህ?»

አባቷ የፓኔላ ቤት ነበረው፤ የሸንኮራውን ጭማቂ በትልልቅ ድስት አፍልተው ድፍን ስኳር የሚያወጡበት። እዚያ ቤት የጓሲሞ ቅርፊት ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ እንደ ተልባ ውሃ ይዝለገለጋል። ያንን ጭማቂው ላይ ሲያፈሱት ያደፈው ሁሉ ተያይዞ ወደ ላይ ይወጣና ይገፈፋል። ሊዮኒልዴ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የቅርፊቱ ሥራ የእሷ ነበር።

ሳቅኩባት። «ሊዮኒልዴ፣ የኛ ሥራ ፓኔላ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ፓኔላማ ቢሆን አንተን ማን ይቀጥርህ ነበር?»

በማግስቱ አንድ ጉማጅ ቅርፊት በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛልኝ መጣች። ለማስደሰት ያህል ብቻ በሦስት ጠርሙስ ሞከርኩት። ዝልግልጉን ጀርም እንዳይኖርበት በእንፋሎት ሳጠራው ግማሽ ኃይሉን አጣ፤ ነገርኳት። «እጥፍ አወፍረዋለሁ» አለችና አወፈረችው። በሁለተኛው ቀን ጠርሙሶቹን አንስቼ ብርሃን ላይ ሳያቸው ድብልብሎች ናቸው፤ ጥቃቅን፣ ክብ፣ እኩል። ሳቄን ዋጥኩ። ኢንጂነር ቪዬጋስን ጠራሁት፤ እሱም ጠርሙሱን ደጋግሞ ካገላበጠ በኋላ «ምንድን ነው ያደረግክበት?» አለኝ። ቅርፊት ነው ስለው የምቀልድ መሰለው። ግን ሌላ ምርጫ አልነበረውምና በመቶ ሊትሩ መሞከሪያ ታንከር እንድንሞክር ፈቀደ። አንድ ሙከራ ስምንት ቀን ይፈጃል። ከስድስቱ ሳምንት ሁለቱ አልፈዋል።

ሙከራውን የጀመርነው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሊዮኒልዴ ሁለት ባልዲ ዝልግልግ አዘጋጀች። የእኔ ድርሻ ሁሉም ከገባ በኋላ የታንከሩን መነሻ አሲድነት ለክቶ መዝገብ ላይ መጻፍ ነው። ዝልግልጉ ግን የመለኪያው ዘንግ ላይ ይለጠፋል፤ አጥቦ እንደገና ማስተካከል ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። ያን ቀን ደግሞ ኳስ ነበር፤ ሬዲዮው ጥበቃው ቤት ውስጥ እየጮኸ ነው። ሁልጊዜ የሚጻፈውን ቁጥር ጻፍኩና ሄድኩ። ቡድኔ ተሸነፈ። ይበለኝ።

ስምንቱን ቀን እንዴት እንዳሳለፍነው አልነግራችሁም። በታንከሩ የመስታወት መስኮት የሚታየው ነገር ዓይን ያስደስታል፤ ድብልብሎቹ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ይንከባለላሉ፣ ማማሰያው ያለ አንዳች ማቃሰት ይዞራል። ሰው በፈረቃው መጨረሻ ሳይጠራ እየመጣ አጎንብሶ ያያል። ሊዮኒልዴ ብቻ አልመጣችም። ሥራ ነበረባት።

በስምንተኛው ቀን ለካሁት። አሲዱ ከሚጠበቀው ሲሶ አይሞላም፤ የተገኘውም አብዛኛው ሌላ፣ የማንፈልገው አሲድ ነው። ኢንጂነሩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና «ቅርፊቱ ነው» አለ። «የጫካ ነገር ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ይበቃል፣ ታንከሩን ድፉት።»

ሊዮኒልዴ ከመታጠቢያው አጠገብ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። እጆቿን ታያለች።

«ኤቨሊዮ፣ ኖራ ጨምሬበታለሁ» አለችኝ።

«ምን?»

«ፓኔላ ቤት ቅርፊቱ ውሃ ከገባ በኋላ ኖራ ይከተለዋል። ጆንያው ደግሞ እዚያው ከጎኔ ነበር። ለእያንዳንዱ ባልዲ አንድ አንድ ጭልፋ። አስቤ አይደለም፤ እጄ ነው ያደረገው። ትናንትና ለሚቀጥለው ሙከራ ቅርፊት ስወቅጥ እጄ እንደገና ወደ ጆንያው ሲሄድ ነው የያዝኩት።»

ጆንያው ከእሷ አጠገብ የሚቀመጥበት ምክንያት አለው፤ አሲዱ ከተሠራ በኋላ ከፈሳሹ የምንለየው በኖራ ነው። ግን ሥራው ካለቀ በኋላ ነው እንጂ ከመጀመሪያው ማንም አይጨምረውም። ኖራ ኮምጣጣውን ያጠፋዋል፤ ሻጋታው ደግሞ ውሃው ኮምጣጣ ካልሆነለት ሌላ አሲድ ይሠራል። ይህን ሁሉ በአንድ ቅጽበት ተረዳሁ። አንድ ሌላ ነገርም አብሬ ተረዳሁ፤ ያን ቅዳሜ ብለካ ኖሮ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይታወቅ ነበር።

«ለማን ተናገርሽ?» አልኳት።

«ላንተ።»

«እንግዲያው እዚሁ ይቅር። ግድግዳው ላይ ያለውን ሕግ አንብበሽዋል።» ሕጉ በቀይ ቀለም ነው የተጻፈው፤ ያልታዘዘ ነገር ታንከር ውስጥ የጨመረ በዚያው ቀን ይሰናበታል ይላል። «አሥራ አራት ወር ነው የቀረሽ። ማሸጊያው ክፍል ቁጭ ብለሽ ትጨርሻለሽ። አፍሽን ያዢ።»

«የቀራችሁትስ?»

«እኛ አንድ ነገር እናገኛለን።»

«የት? እዚህ አካባቢ ከሸንኮራ ቆረጣ ሌላ ምን አለ?» ወደ መታጠቢያው ዞሬ እጄን መታጠብ ጀመርኩ። «ቅርፊቱስ?» አለችኝ።

«ቅርፊቱ ደግሞ ምን ሆነ?»

«ቅርፊቱ ምንም አላጠፋም» አለችና እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ኢንጂነሩ ቢሮ ሄደች። ተከተልኳት። ላግዳት ይሁን ላግዛት፣ ዛሬም በትክክል አላውቅም።

ቆማ ነገረችው። አላለቀሰችም፣ አልለመነችም፤ ስንት ጭልፋ፣ ስንት ባልዲ፣ በስንት ሰዓት፣ ሁሉንም። ኢንጂነሩ መዝገቡን ገለጠ።

«ኖራ ከገባበት ይህ መነሻ ቁጥር እንዴት ልክ ሊሆን ቻለ?» አለኝ።

«ዝልግልጉ መለኪያውን አሳስቶት ይሆናል» አልኩ።

ውሸቴን ስናገር ሊዮኒልዴ በመስኮቱ ወደ ሳማኑ ዛፍ ታይ ነበር። ኢንጂነሩ መዝገቡን ዘጋው። «ዶኛ ሊዮኒልዴ፣ ሕጉን ያውቁታል» አላት። «አውቀዋለሁ። ቅርፊቱን ግን ያለ ኖራ ይሞክሩት» አለችው። ኩባያዋንና ነጠላ ጫማዋን በላስቲክ ከረጢት ይዛ ከሰዓት በኋላ በበሩ ስትወጣ፣ ጥበቃው ሄርሚንሱል ቦርሳ መፈተሽ ግዴታው ሆኖ ሳለ ሳይፈትሻት አሳለፋት።

ኢንጂነሩ ያለ ኖራ ሊሞክረው ተስማማ፤ ማዘጋጀቱ ግን እኛ ላይ ወደቀ። ቅርፊት መቼም ቅርፊት ነው ብዬ በመዶሻ ቀጠቀጥኩት፣ እንዲፈጥን ብዬ የሞቀ ውሃ አፈሰስኩበት። የወጣው ሻይ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ደገምኩት፤ አሸዋ የበዛበት ሻይ ሆነ። ኢንጂነር ቪዬጋስ እጅጌውን ሰብስቦ እሱ ራሱ ሞከረ፤ ነጩን ሸሚዙን አበላሽቶ ተነሳ። ሦስት ቀን በዚህ አለፈ። በአራተኛው ቀን ጠዋት የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ «ቤቷን ታውቀዋለህ?» አለኝ።

ግቢዋ ውስጥ ሙዝ ስትኮተኩት አገኘናት። ቡና አቀረበችልን፣ ተቀበልን። ኢንጂነሩ ጉሮሮውን ጠራርጎ የመጣበትን ነገራት።

«ተመልሼ እንድገባ ነው የሚሉኝ?»

«መግባትማ አይችሉም። ስንብቱን የሚሽረው ቦጎታ ነው፤ ጽፌያለሁ፣ ግን ወር ይፈጃል። እኛ ያለን ደግሞ ሁለት ሳምንት ነው። እንዲያሳዩን ብቻ ነው የምንለምንዎት።»

«ማሳየትስ ለኤቨሊዮም አሳይቼው ነበር» አለች። እኔ ቡናዬን ጠጣሁ። «በሩ ላይ ያለው ሳማን የማን ነው?»

«ዛፉ? የመንገዱ ነው መሰለኝ፤ ከአጥሩ ውጭ ነው።»

«እንግዲያው አንድ ወንበር ስጡኝ።»

እንዲህ ሆነና የተባረረችው ሴትዮ በማግስቱ ጠዋት ከፋብሪካው በር ውጭ፣ ሳማኑ ሥር፣ በላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቅርፊቱን በእንጨት ዘነዘና ነበር የምትወቅጠው፤ ብረት አታስነካውም። ውስጠኛውን ነጭ ሽፋን ብቻ ትለያለች፣ ውጫዊውን ትጥላለች፤ እኔ ሁሉንም አብሬ ነበር የቀጠቀጥኩት። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እየነከረች በሁለት መዳፏ ትጨምቃለች፣ ደግማ ትነክራለች፣ ደግማ ትጨምቃለች፤ ዝልግልጉ ከጣቶቿ ሳይቆረጥ እስከ ባልዲው ድረስ ክር ሆኖ ሲወርድ ብቻ ይበቃዋል ትላለች። እንዲህ ያለ ትዕግሥት በዕድሜዬ አላየሁም። ሐኪም ቢያደርገው፣ ካህን ቢያደርገው ይደነቅለት ነበር፤ እሷ በመንገድ ዳር አቧራ ውስጥ አደረገችው።

አውቶቡስ የሚጠብቁት አላስቀምጥ አሏት።

«ዶኛ ሊዮኒልዴ፣ አባረሩዎት ወይስ አሳደጉዎት?»

«ወደ ውጭ አሳደጉኝ» ትላለች ሳትነሳ።

የመጀመሪያው ባልዲ ሲሞላ ሄርሚንሱል በአጥሩ ላይ ተቀበላት። ሕጉ ሰው እንዳይገባ እንጂ ባልዲ እንዳይገባ አይልም ብሎ በኩራት ተናገረ። እኔ ባልዲውን ልወስድ ስል ሊዮኒልዴ ጠራችኝ።

«ኤቨሊዮ፣ መለኪያህን አምጣና እዚሁ ፊቴ ለካው።»

«ውስጥ እለካዋለሁ።»

«እዚሁ። ሁለተኛውንም እንደዚሁ።»

እጇን ተጠራጥራ መሰለኝ። ዘንጉን እያጠብኩ፣ እያስተካከልኩ፣ ሁለቱንም ባልዲ ፊቷ ለካሁ፤ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ጮክ ብዬ ቁጥሩን እንድነግራት አደረገች። ከዚያ ታንከሩ ውስጥ ከገባም በኋላ ለክቼ በአጥሩ በኩል ቁጥሩን ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀችና ወደ ቅርፊቷ ተመለሰች።

በስምንተኛው ቀን ድብልብሎቹም ነበሩ፣ አሲዱም ነበር። በሙጫው ጊዜ ከምናገኘው በመጠኑ ይበልጥ ነበር እንጂ አላነሰም። ወረቀቱን ይዤ ወደ ቢሮ ከመሄዴ በፊት ወደ በሩ ሮጥኩ። ነገርኳት። «ጥሩ» አለች፤ ከዚያ ጣቶቿ መሀል ያለውን ቅርፊት ጨምቃ ጨረሰች። እኔ ዕንባዬ መጣ፤ ለመናገር አላፍርም። ኢንጂነር ቪዬጋስ ቦጎታ ደወለ፣ ማብላያው አልተዘጋም፣ አርባውም ሰው ሥራው ላይ ቀረ። የእሷም ስንብት ተሽሮ ከወር በኋላ በበሩ ገባች። ሄርሚንሱል ያን ቀን ግን ከረጢቷን ፈተሸ፤ ኖራ እንዳትይዝ ነው ብሎ ግቢውን አሳቀው።

ኢንጂነሩ የቅርፊቱን አሠራር በስምንት ገጽ ጻፈው። ሽፋኑ ላይ የእሱና የሁለት የቦጎታ ሰዎች ስም አለ። የእሷን ሊጨምር ፈልጎ ነበር፤ ባለቤቶቹ መሐንዲስ ያልሆነ ሰው ሽፋን ላይ አይሰፍርም አሉት። ቢሮው ጠርቷት ይህንኑ ነገራት፣ አፍሮ ነበር። እሷ መነጽሯን አድርጋ ስምንቱንም ገጽ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየች።

«አንድ መስመር ጎድሎታል» አለች።

አራተኛው ገጽ ላይ እሷ እየነገረችው በእጁ ጻፈው፤ «ኖራ አይገባበትም። ሊዮኒልዴ ቪያፋራ ጨምራበት አንድ ሙሉ ሙከራ አበላሽታለች።»

«ስሙን እናውጣው፣ ዶኛ ሊዮኒልዴ» አላት። «መከልከሉ ብቻ ይበቃል።»

«አይበቃም። ግድግዳው በክልከላ የተሞላ ነው፣ ማን ያነበዋል? ሰው እንዳጠፋው ካወቁ ግን ይጠነቀቃሉ። ይኑርበት።»

ጥበቧ ባለበት ስምንት ገጽ ውስጥ ስሟ የሚገኘው ስሕተቷ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ ያስገባችውም ራሷ ነች። አሥራ አራት ወሯን ሠርታ፣ ሦስት ሰው ቅርፊት ጭመቃ አስተምራ፣ በጡረታ ወጣች። እኔ ከዚያ በኋላ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር አራተኛውን ገጽ ገልጬ አሳያለሁ፤ ስለ እሷ ሳወራ አልጠግብም። እያወራሁ ግን ከዚያ መስመር ሥር ያለው ባዶ ቦታ ዓይኔን ይወጋኝ ነበር።

ባለፈው መጋቢት እኔም ጡረታ ወጣሁ። በመጨረሻው ቀን ገጹን ገለጥኩና ከእሷ መስመር ሥር ጻፍኩ፤ «ያን ቀን መነሻው አልተለካም። ቁጥሩን ከልቡ አውጥቶ የጻፈው ኤቨሊዮ ፖቴስ ነው።» እስክሪብቶዬን አስቀምጬ፣ ትኩስ የአይብ ዳቦ ገዝቼ፣ በአውቶቡስ ወደ ቤቷ ሄድኩ።

አርጅታለች፣ እጇ ግን ያው ነው። ቾንታዱሮ ትልጥ ነበር። ተቀምጬ፣ ዳር ዳር ሳልል፣ ሁሉንም ነገርኳት፤ ኳሱን፣ ቁጥሩን፣ ቢሮው ውስጥ የዋሸሁትን። ልጣጩን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች።

«ጻፍከው?»

«ታውቂ ነበር እንዴ?»

«ሁለተኛውን ባልዲ ይዤ ስገባ መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር። ቁጥሩ ተጽፏል፤ ባልዲው ግን ገና እጄ ላይ ነው።»

ታውቅ ኖሯል። ሃያ ዓመት ሙሉ።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም?»

«የመጣሁት የራሴን ልናገር ነበር» አለችኝ። ጨውዋን ወደ እኔ አስጠጋችልኝ። «ያንተን አንተ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩ። ቆየህ እንጂ።»